ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ ነው?

(ባለፈው ቅዳሜ ማታ በድምፅ ውይይታችን ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ኔትወርክ ያስቸገራችሁና ያልተገኛችሁ ልጆች ስለጠየቃችሁ በጽሑፍ አቅርቤዋለሁ። አንዳንድ ቦታ ቃላት አስተካክያለሁ፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።)

ድምፄ የሚቆራረጥበት ካለ ይጻፍልኝ፣ እደግመዋለሁ። ዛሬ ደግሞ መብራት አለ፣ ተመስገን ነው።

የማወራችሁ ስለ ጨዋታ ነው። ቀልዴን አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ አብረን ስለምንጫወተው ስለ ኔሽንስቴትስ፣ እዚያ ውስጥ ስላቋቋምነው መንግሥትና ያ መንግሥት እንዴት መስተካከል እንዳለበት ነው። ነገ ሳይሆን የሚቀጥለው እሑድ ድምፅ እንሰጣለን። ከዚያ በፊት የማስበውን ፊት ለፊት ልንገራችሁ ብዬ ነው የመጣሁት።

መቼም "እነዚህ ሥራ ፈቶች" የሚለን አይጠፋም። እኔን በተመለከተ እውነት ነው። በሕዝብ አስተዳደር ተመርቄ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ሥራ የለኝም። በቀደም እናቴ ቡና አፍልታ ከጎረቤት ጋር ስትጫወት "ልጄ እኮ ኢንተርኔት ላይ ሚኒስትር ሆኗል" ስትል ሰማኋት። አንዲት ጎረቤታችን ቀበል አድርገው "ውይ እሰይ! ደሞዙ ስንት ነው ታዲያ?" አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅኩ። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ መስከረም ላይ የሆነውን ላስታውሳችሁ።

የሪጅናችን መሥራችና ገቨርነር የሆነው ወንድማችን ስልኩ ተበላሸበት። ማሠሪያ ገንዘብ አጠረው፤ በዚያው ሥራ አለ ተብሎ ክፍለ ሀገር ዘመድ ጋ ሄደ። እኛ ደግሞ ዝም ብለን ጠበቅን። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። በኔሽንስቴትስ ሕግ 28 ቀን ሙሉ ያልተገባበት ሀገር ከካርታው ይጠፋል፤ ባለቤቱ አስቀድሞ የዕረፍት ምልክቱን ካበራ ነው 60 ቀን የሚታገሡት። እሱ አላበራም። ማን ስልኬ ይበላሻል ብሎ ያበራል? በ26ኛው ቀን ከአንድ ኢንተርኔት ቤት ገባና ተረፍን። ሁለት ቀን ነበር የቀረን።

ወንድሜ፣ እዚህ እንዳለህ አውቃለሁ። ልወቅስህ አይደለም፤ ማንም ላይ የሚደርስ ነው። ጥፋቱ የሁላችንም ነው። 41 አንቀጽ ያለው ሕገ መንግሥት ጽፈናል። ስለ ሰንደቅ ዓላማ ሦስት ሳምንት ተከራክረን ሁለት ሰው ተኳርፏል። ነገር ግን "ገቨርነሩ ቢጠፋ ማን ይተካዋል?" የሚል አንዲት መስመር አልጻፍንም። ሕጉ ወረቀት ላይ ነበር፤ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ።

አዲስ የተቀላቀላችሁ ልጆች ግራ እንዳይገባችሁ ስለ ጨዋታው ትንሽ ልበል።

ኔሽንስቴትስን የጀመረው ማክስ ባሪ የሚባል አውስትራሊያዊ ደራሲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2002። "ጄኒፈር ገቨርንመንት" የሚለውን ልቦለዱን ለማስተዋወቅ ነበር የሠራው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሀገር ይፈጥራል፤ በየቀኑ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ በሚወስነው ውሳኔ የሀገሩ የዜጎች መብት፣ ኢኮኖሚና የፖለቲካ ነፃነት ከፍ ዝቅ ይላል። እስከዚህ ድረስ ለብቻ የሚጫወቱት ነው። ፖለቲካው የሚጀምረው ሀገሮች ተሰባስበው ሪጅን ሲመሠርቱ ነው። "ሪጅን" የምለው ሆን ብዬ ነው፤ "ክልል" ካልኩ ወሬያችን ወደ ሌላ ይሄዳል፣ ታውቃላችሁ።

ከሪጅን በላይ የዓለም ጉባኤ አለ። ድሮ ስሙ የተባበሩት መንግሥታት ነበር፤ እውነተኛው የተባበሩት መንግሥታት ስማችንን አትጠቀሙ ብሎ ስለጻፈ እ.ኤ.አ. በ2008 ተቀየረ። አንድ ሰው የፈለገውን ያህል ሀገር መክፈት ይችላል፤ የዓለም ጉባኤ አባል ማድረግ የሚችለው ግን አንዱን ብቻ ነው። አባል የሆኑ ሀገሮች በዚያው ሪጅን ላሉ ሌሎች አባላት ድጋፍ ይሰጣሉ። ከሁሉ በላይ ድጋፍ ያለው ሀገር የሪጅኑ ዴሌጌት ይሆናል። ለውጡ የሚጸናው ጨዋታው ራሱን በሚያድስበት ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ማታም እንደዚሁ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ጨዋታው ስለ ፓርላማችን አያውቅም። ስለ ፍርድ ቤታችን አያውቅም። እኔ የማስታወቂያ ሚኒስትር መሆኔንም አያውቅም። እነዚህን ሁሉ የፈጠርናቸው እኛ ነን። ጨዋታው የሚያውቀው ገቨርነሩን፣ ዴሌጌቱንና እነሱ ሥልጣን ቆርሰው የሰጧቸውን መኮንኖች ብቻ ነው። ሰው ማባረር፣ በሩን በይለፍ ቃል መዝጋት፣ የሪጅኑን ገጽታ መቀየር በእነሱ እጅ ነው። የቀረው ሁሉ ቃል ኪዳን ነው፤ ሰው እስካከበረው ድረስ ብቻ የሚቆም።

ስለዚህ በዚህ ጨዋታ የመንግሥት ማሻሻያ ማለት አንቀጽ ማሳመር ማለት አይደለም። ጥያቄው አንድ ነው፤ ቃል ኪዳኑን ከቁልፉ ጋር እንዴት እናስተሳስረው?

ይህን ጥያቄ ቀድመውን የጠየቁ አሉ፤ ሦስት ታሪክ ልጥቀስ።

የመጀመሪያው የፓሲፊክ ነው። አዲስ ሀገሮች ከሚወለዱባቸው ከአምስቱ ትልልቅ ሪጅኖች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ፍራንኮስ ስፔን የሚባል ሀገር የዴሌጌትነቱን ቦታ ያዘ፤ ከዚያም የሚቃወሙትን እያስወጣ አዲሱ የፓሲፊክ ሥርዓት የተባለውን አገዛዝ አቆመ። በዚያ ዘመን ሰው ማባረር ለዴሌጌቱ ምንም አያስከፍለውም ነበር፤ ቁልፉን የያዘ ሰው ሊነቀንቁት የሚችሉትን ቀድሞ ያስወጣቸዋል። ጨዋታው ራሱ ለዚህ መልስ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ተፅዕኖ የሚባል ነገር መጣ። አንድ ሀገር በሪጅኑ ውስጥ በቆየና ድጋፍ ባገኘ ቁጥር ተፅዕኖ ያጠራቅማል፤ ዴሌጌቱም ሰው ሲያስወጣ ካጠራቀመው ላይ ይከፍላል። ነባር ሰው ማባረር ውድ ሆነ። ከዚህ የምንማረው፣ ሥልጣንን "አትንካ" ብሎ መምከር ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ሲነካው የሚያስከፍለው ነገር መኖር አለበት።

ሁለተኛው የሰሜን ፓሲፊክ ነው። እዚያ ሕዝባዊ ጉባኤ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ፣ ዴሌጌቱ በየአራት ወሩ ይመረጣል። ይህ በወረቀት ነው። ግን ወረቀቱን ብቻ አላመኑም። የጸጥታ ምክር ቤት አላቸው፤ አባላቱ የታመኑ ነባር ሰዎች ናቸው፣ ከፍ ያለ ድጋፍና ተፅዕኖ ይዘው ይቀመጣሉ። ዴሌጌቱ ሕግ ጥሶ አልወርድም ቢል፣ ወይም ድንገት ቢጠፋ፣ ቦታውን በሕግ መሠረት ተረክበው መያዝ የሚችል ሰው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ደቡብ ፓሲፊክም ተመሳሳይ ምክር ቤት አለው፤ እነሱ ደግሞ የዕለት ተዕለቱን መንግሥት ለጠቅላይ ሚኒስትር ሰጥተው ዴሌጌቱን ከዚያ ለይተውታል። ሁለቱም ጋ ሕጉ የሚከበረው ከጀርባው ድጋፍ የያዘ ሰው ስለቆመ ነው።

ሦስተኛው ከኔሽንስቴትስ ውጪ ነው፤ ታሎሳ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሮበርት ቤን ማዲሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ አሜሪካ፣ ሚልዋውኪ ውስጥ መኝታ ቤቱን ነፃ መንግሥት ነው ብሎ አወጀ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኢንተርኔት ላይ ወጣና ከሩቅ ሀገር ሰዎች ዜጋ ሆኑ። ንጉሥ አለ፣ ሕገ መንግሥት አለ፣ 200 መቀመጫ ያለው ምክር ቤት አለ። 200 መቀመጫ ሲባል 200 ሰው እንዳይመስላችሁ፤ መቀመጫዎቹ ለፓርቲዎች በድምፃቸው ልክ ይከፋፈላሉ፣ አንድ ሰው ብዙ መቀመጫ ይይዛል። ሰዎቹ ጥቂት መሆናቸውን ስላወቁ ቁጥሩን ከሰው ራስ ጋር አላሰሩትም። ይህ ብልሃት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2004 በንጉሡ አካሄድ የተከፉ ዜጎች ጥለው ወጥተው ሪፐብሊክ መሠረቱ፤ ሁለቱ ወገኖች እንደገና አንድ የሆኑት በ2012 ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ እንደዚያ ትንሽ የሆነ ሕዝብ ለሁለት ተከፍሎ ቆየ። ሰው ውስጥ ሆኖ ማስተካከል የማይችለውን ነገር ጥሎ ይወጣል።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንግባ።

መዝገባችን ላይ 52 ዜጋ አለ። መዝጋቢዋ እህታችን ባለፈው ሳምንት አንድ በአንድ አይታዋለች፤ በሕይወት ያለ፣ ሀገሩ ያልጠፋ፣ አንዱ በሁለት ስም ያልተመዘገበ ሰው ስትቆጥር 17 ነን። አሥራ ሰባት! 35ቱ ወይ ከጠፉ ቆይተዋል፣ ወይ የአንዳችን ሁለተኛ ስም ናቸው።

ወንበሩንስ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? 7 ሚኒስትር፣ 7 ምክትል፣ 9 የምክር ቤት አባል፣ 3 ዳኛ፣ ዴሌጌትና ገቨርነር። 28 ወንበር። 17 ሰው፣ 28 ወንበር! አንድ ሰው ጠዋት ሕግ ያወጣል፣ ከሰዓት ያስፈጽማል፣ ማታ ደግሞ ዳኛ ሆኖ የራሱን ሥራ ይመረምራል። ሥልጣን ክፍፍል ብለን የጻፍነው በተግባር አንድ ሰው ሦስት ኮፍያ እየቀያየረ የሚያደርገው ሆኗል። እስቲ የአካባቢያችንን እድር ተመልከቱ። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ። ስንት አባወራ ይዞ በሦስት በአራት ሰው ይሠራል፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ቀርቶ አያውቅም። እኛ 17 ሆነን የባህል ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር አለን።

ውጤቱን አይታችኋል። ባለፈው ምርጫ ድምፅ የሰጡት 11 ናቸው። ምክር ቤቱ ምልዓተ ጉባኤ አጥቶ ሦስት ጊዜ ተበትኗል። ዴሌጌታችን ያለው ድጋፍ 8 ነው። 8 ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ፣ ጠባቂ ያጡ ሪጅኖችን እየፈለጉ የሚወርሩ ቡድኖች አሉ፤ ሥራቸው ያ ነው። ጨዋታው ከመታደሱ ጥቂት ቀደም ብለው ተሰብስበው ይገባሉ፣ አንዱን መሪያቸውን ይደግፋሉ፣ አለቀ። ያን መስከረም ገቨርነራችን ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ከ10 የማይበልጡ ሰዎች በአንድ ማለዳ ሁለት ዓመት የሠራነውን መውሰድ ይችሉ ነበር። እኛ ቁርስ በልተን ስንገባ ሰንደቅ ዓላማችን ተቀይሮ እናገኘዋለን።

ስለዚህ ያቀረብኩት ማሻሻያ ስድስት ነጥብ አለው።

አንደኛ፣ ተተኪ። እ.ኤ.አ. በ2023 ጨዋታው በዚህ በኩል ተሻሽሏል፤ ገቨርነር ሲጠፋ ቦታውን የሚወርስ ተተኪ መኮንን መሾም ይቻላል። ከተመሠረትን ጀምሮ ይህ ዕድል ፊታችን ነበር፣ አልተጠቀምንበትም። አሁን ገቨርነሩ በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ ተተኪ ይሹም። 10 ቀን ሳይታይ ከቆየ ተተኪው ለሁላችን ያሳውቅ። ርቆ የሚሄድ ሰው የዕረፍት ምልክቱን አብርቶ ይሂድ። ገቨርነሩ ወረራ ሲኖር ብቻ ሳያስፈቅድ ቁልፉን ይንካ፤ የነካውንም በ24 ሰዓት ውስጥ ይንገረን።

ሁለተኛ፣ ዴሌጌት። በየአራት ወሩ ይመረጥ፣ በተከታታይ ከሁለት ጊዜ በላይ አይቀመጥ። ተመራጩን ሁሉም የዓለም ጉባኤ አባል በሦስት ቀን ውስጥ ይደግፈው፤ ያልመረጠውም ጭምር። ምክትሉ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ከፍተኛ ድጋፍ ይዞ ይቀመጥ። የሰሜን ፓሲፊክን ትምህርት በእኛ ልክ ሰፋሁት ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ተመራጭ ምክር ቤቱ ይቅርና 17ታችንም ጉባኤ እንሁን። ለ17 ሰው ወኪል ምን ያደርጋል?

አራተኛ፣ 7ቱ ሚኒስቴሮች 3 ይሁኑ፤ የውጭ ጉዳይ፣ አዲስ መጪን የሚቀበልና የሚያስተምር፣ መዝገብና ምርጫ። ምክትል የሚባል አይኑር።

አምስተኛ፣ ቋሚ ፍርድ ቤቱ ይፍረስ። ክርክር ሲነሳ ጉዳዩ ከማይመለከታቸው መካከል 3 ሰው በዕጣ ይውጣና ይዳኝ። ሽምግልና ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ስድስተኛ፣ የማሻሻያ አንቀጹ ራሱ ይሻሻል። ከዜጋው ቢያንስ ግማሹ ድምፅ ከሰጠ፣ ድምፅ ከሰጡት ሁለት ሦስተኛው ይበቃል።

እንግዲህ ገቨርነር፣ ዴሌጌት፣ ምክትልና ሦስት ኃላፊ። 28 የነበረው ወንበር 6 ይሆናል።

አሁን ከባዱ ጋ ደረስን። ስድስተኛውን ነጥብ ለምን እንዳነሳሁት ታውቃላችሁ። አሁን ያለው ሕግ ማሻሻያ እንዲጸድቅ ከተመዘገቡት ዜጎች ሁሉ ሦስት አራተኛው መደገፍ አለበት ይላል። የ52 ሦስት አራተኛ 39 ነው። 17ታችንም አንድ ልብ ብንሆን አናሻሽለውም! የሌሉ ሰዎች እኛን ይገዙናል።

ስለዚህ አንዳንድ ወንድሞች፣ በውስጥ መስመርም በግልጽም፣ "ገቨርነሩ አንድ ቀን ማታ ሁሉን ያፍርሰውና ጠዋት አዲሱን ሕግ ያውጅ፤ ያንተኑ ሐሳብ እኮ ነው የሚያውጀው" ብለውኛል። ምክንያታቸውን አልንቅም። ጊዜ የለንም ይላሉ፣ እውነት ነው። በየወሩ አንድ ሰው እየቀረ ነው፣ እሱም እውነት ነው። ገቨርነራችን ቅን ሰው ነው፣ በዚህም አልከራከርም።

ግን እሺ አልልም። ምክንያቱም ያን ማታ የምናጸድቀው የእኔን ስድስት ነጥብ አይሆንም። የምናጸድቀው አንድ ሌላ ያልተጻፈ አንቀጽ ነው፤ "ቁልፉን የያዘ ሰው ሕጉ ሲያስቸግረው ሊቀድደው ይችላል" የሚል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሕግ ምንም ያህል ቢያምር ይቺ አንቀጽ ከበላዩ ትቀመጣለች። ዛሬ ለእኔ ሐሳብ ሲል ያፈረሰ ነገ ለራሱ ሐሳብ ሲል ያፈርሳል፤ እሱ ባይሆን ተተኪው። ያን ጊዜ "ሕግ ይከበር" ብዬ የምናገርበት አፍ የለኝም።

ደግሞ ሕጋዊ መንገድ አለ። አንቀጽ 9ን አንብቡት። ሀገሩ ከጠፋ 30 ቀን ያለፈው ዜጋ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ በሁለት ስም የተመዘገበም አንዴ ብቻ ይቆጠራል ይላል። የጻፍነው እኛ ነን፤ ተግባራዊ ያላደረግነውም እኛ ነን፤ ቁጥራችን 52 ሲባል ደስ ስለሚለን። እህታችን ዝርዝሩን ዛሬ ማታ ታወጣለች። በሕጉ መሠረት 7 ቀን ለተቃውሞ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ስሙ ተሰርዞበት "አለሁ" የሚል ካለ በአንድ መልእክት ይመለሳል፣ ማንም አይከለክለውም። ቅዳሜ ይዘጋል፣ እሑድ ድምፅ እንሰጣለን።

ያን ዕለት 17 ከሆንን ሦስት አራተኛው 13 ነው። ባለፈው ምርጫ የመጡት 11 ናቸው። እንግዲህ ሒሳቡ ይኸው ነው፤ የመጡት ሁሉ ቢደግፉ እንኳ 2 ሰው ይጎድለናል። ሁለት ሰው። እያንዳንዳችሁ ያ የሚጎድለው ሰው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ደውሉለት። የስልክ ካርድ የሌለው ይንገረኝና እኔ እደውላለሁ፣ ካለኝ ላይ።

አንዲት እህታችን ጥሩ ጥያቄ ጠይቃኛለች። "ወንበር ሲቀንስ ሥልጣን ጥቂት ሰው እጅ አይገባም ወይ?" አለችኝ። ይገባል። አልዋሽም፤ 6 ሰው ቢመሳጠር ከ28 ሰው ይቀላል። ግን የዛሬዎቹ 28 ወንበሮች አልጠበቁንም። ማን ምን እንደሚሠራ ስለማይታወቅ ማንም ተጠያቂ አልነበረም። በአዲሱ ረቂቅ ጉባኤው ሁላችንም ስለሆንን 9 ሰው ከተስማማ ማንኛውንም ኃላፊ በሦስት ቀን ውስጥ ያወርዳል። ገቨርነሩን ግን ጨዋታው ራሱ አያስወርደንም፤ ይህን በግልጽ እወቁት። በእሱ ላይ ያለን ኃይል ሁለት ነው፤ ለሾመው ሰው ድጋፍ መንፈግ፣ ካልሆነም ተያይዘን መውጣት። ባዶ ካርታ ላይ ገቨርነር መሆን ማንንም አያስደስትም። ታሎሳዎች ያደረጉት ያንን ነው። እኛ እዚያ እንዳንደርስ ነው አሁን የምለፋው።

አሁን እናቴ ቡና ላይ ወደ ተባለው ነገር ልመለስ።

የሚፈርሰው የመጀመሪያው ሚኒስቴር የእኔ ነው፤ ማስታወቂያ ሚኒስቴር። ረቂቁን ስጽፍ አራተኛው ነጥብ ላይ ሁለት ቀን ቆሜ ቀርቻለሁ። ራሴን "ማስታወቂያ እኮ ያስፈልጋል" እያልኩ አታለልኩት። በኋላ ግን ለምን እንደከበደኝ ገባኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሥራ ማመልከቻ ሳስገባ ከስሜ በፊት የሚጻፍ ነገር የለኝም። በር ላይ ዘበኛው "ማን ልበል?" ሲለኝ የምለው የለኝም። እዚህ ስገባ ግን "ክቡር ሚኒስትር" ትሉኛላችሁ። ቀልድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሥራ ለሌለው ሰው ያቺ ቀልድ ቀላል አይደለችም። ደሞዝ የሌላት ሹመት ብትሆንም፣ ብትቀር ታጎድላለች።

ይህ የእኔ ብቻ ይመስላችኋል? አይደለም። ብዙዎቻችን እዚህ የተመረቅን ነን፣ ብዙዎቻችን እየፈለግን ነን። 28 ወንበር የፈጠርነው መንግሥቱ ስለፈለገው አይደለም፤ እያንዳንዳችን የሆነ ቦታ የሆነ ነገር መሆን ስለፈለግን ነው። በዚህ አንፈር። ግን ወንበሩ ሥራ አልሰጠንም፤ ስም ብቻ ነው የሰጠን። መስከረም ላይ ሪጅናችን ሊጠፋ ሁለት ቀን ሲቀረው ስንት ክቡር ሚኒስትር ነበር? ሁላችንም ነበርን። ያዳነን አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ያለ ወንበር ነው።

ስለዚህ ወንበራችሁ የሚፈርስባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እየጠየቅኳችሁ ያለሁት እኔ ያልከፈልኩትን አይደለም። የባህል ሚኒስትራችን፣ የትምህርት ሚኒስትራችን፣ ሦስቱ ዳኞቻችን፣ ያለ እናንተ ድምፅ 13 አይሞላም። የራሳችሁን ወንበር እንድታፈርሱ ነው የምለምናችሁ። ከባድ ነው። በኋላ ግን ሥራ አለ፤ አዲስ መጪውን የሚያስተምር ሰው የለንም፣ ከሌሎች ሪጅኖች ጋር የሚጻጻፍ የለንም። ስም ሳይሆን እጅ ነው የጎደለን።

"ጨዋታ ነው፣ ምን አስጨነቀህ?" ለምትሉኝ መልሴ አጭር ነው። ሀገር ሀገር የምንል ልጆች ነን። 17 ሰው ያለበትን ቤት በሕግ ማስተዳደር ካቃተን፣ ወንበር መልቀቅ ካቃተን፣ ያስቸገረንን ሕግ በር ሰብረን ካልሆነ ማለፍ ካቃተን፣ ነገ ስለ ትልቁ ነገር ምን ብለን ነው የምንናገረው? እዚህ ስንሳሳት የሚጠፋው ካርታ ነው። እዚህ እንለማመደው።

ከእናንተ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። ዛሬ ማታ የሚወጣውን መዝገብ ተመልከቱ፤ ስህተት ካለ እስከ ቅዳሜ ተናገሩ። የዓለም ጉባኤ አባል ያልሆናችሁ ግቡ፤ ዴሌጌቱንም ደግፉት፣ 8 አይበቃም። እሑድ ድምፅ ስጡ። ረቂቁን የምትቃወሙም ኑና "አይሆንም" በሉ፤ 13 ሳይሞላ ቢቀር እኔ ውጤቱን ተቀብዬ በአሮጌው ሕግ ሥር እቀጥላለሁ፣ ረቂቄንም አስተካክዬ እንደገና አመጣለሁ። በር አልሰብርም፤ ሌላ ሰው እንዲሰብርልኝም አልጠይቅም።

ገቨርነራችን ወንድሜ፣ አንተን ደግሞ አንድ ነገር። ከአሁን ጀምሮ እስከ እሑድ ድረስ በየቀኑ ግባ። ስልክህ እንደገና ቢበላሽ የእኔን ውሰድ።